ኑረዲን ዝም ያለበት እሁድ

ከመቱ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "የሶርን ፏፏቴ አየሽው?" አላየሁትም። አገሩ ድረስ ሄጄ፣ አፍንጫው ሥር ሰንብቼ አላየሁትም። ኳስ ላይ ነበርኩ። እኔ አልማዝ፣ ስለ ኳስ ክብ መሆኗን ብቻ የማውቅ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ያዮ ጫካ ውስጥ ለሽምግልና ቆሜ በዝናብ ተደብድቤ፣ ጎሬ ላይ ደግሞ በጉም ተሸፍኜ ጎል ስጠብቅ ውዬ ነው የመጣሁት። ይህን ለእያንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ቆሜ ከማስረዳ ይኸው ጻፍኩት። ፏፏቴውን የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ረቡዕ

ማክሰኞን አዲስ አበባ አድሬ፣ ረቡዕ ገና ሳይነጋ በጅማ በኩል በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የምሄደው ዘይነባ ዘንድ ነው። ዘይነባና እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን በአንድ ክፍል የኖርን፣ አንድ ሳሙና የተካፈልን ሰዎች ነን። እሷ መቱ አግብታ ቀረች፤ እኔ ወደ ብርዴ ተመለስኩ። በየዓመቱ "ዘንድሮ ነይ" ትለኛለች፣ በየዓመቱ "እሺ" እላለሁ። ሰሞኑን ግን ስንደዋወል ድምፅዋ ልክ አልመስል አለኝና ምን ሆነሽ ብላት፣ "ጎረቤቴ ጥላኝ ሄደች" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ይህን ሰምቼ እንዴት ልቅር?

የደብረ ብርሃን ሰው ስጦታ ሲያስብ ብርድ ልብስ ነው የሚታየው። እኔም ወፍራሙን መርጬ ይዤ ነበር። ረዳቱ "ይሄ ውስጥ አይገባም እናቴ" ብሎ ጣሪያ ላይ ሰቀለብኝ። ጅማን እንዳለፍን ሰማዩ ተቀደደ። በደሌ ስንደርስ ብርድ ልብሱን ለማውረድ ሁለት ሰው አስፈለገ፤ ውኃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሰክሯል። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት፣ ጫልቱ የምትባል ሳቂታ ሴት፣ አይታ "ይሄ ብርድ ልብስ ነው ወይስ በግ?" አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ከሠራተኛዋ ጋር ጨምቃ፣ ምድጃው አጠገብ ወንበሮች ደርድራ ዘረጋችልኝ። እኛ አገር የሆቴል ባለቤት እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ጠዋት ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ ግን ደርቆ ተረከብኩት።

ሐሙስ

ከበደሌ ወደ መቱ በሚኒባስ። እኛ ዛፍ ስንል ባሕር ዛፍ ማለታችን ነው፤ ያውም በሰልፍ የቆመ። እዚህ ዛፉ ሰልፍ አያውቅም፤ እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ ሐረግ ለብሶ፣ መንገዱን ሊውጠው ደርሷል። ይህን እያደነቅኩ ሳለሁ ሾፌሩ "አሰልጣኝ የሌለው ቡድን እሁድ ምን ሊውጠው ነው?" አለና ሚኒባሱ እሳት ተነሣበት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ እየተጯጯሁ ስለሚያወሩ ላለመረዳት አይቻልም። መቱ ውስጥ ዝናቦ የሚሉት ቡድን አለ። ትክክለኛ ስም አለው ይላሉ፤ የሚያስታውሰው ግን አላገኘሁም። ዝናቦ የተባለው እንግዳ ቡድንን የሚያሸንፈው ሜዳው ሲጨቀይ ብቻ ስለሆነ ነው። ዘንድሮ አጀማመሩ ጥሩ ነበር፤ ኋላ ላይ መሸነፍ ሲደጋግም ደጋፊው ጮኾ አሰልጣኙን ቶሎሳን አባረረ። ከዚያ ወዲህ ባሰበት። እንዲያም ሆኖ ተስፋው አልተሟጠጠም፤ እሁድ ጎሬን በሜዳው ካሸነፈ ወደ ማጠቃለያው ውድድር ያልፋል። አቻ ከወጣ ቀረ። ይህን ያህል ቀላል ሒሳብ ነው፤ እነሱ ግን ከመቱ በፊት እስካለችው ሁሩሙ ድረስ ሲያሰሉት ነበር።

"ቶሎሳን ያባረረው ኮሚቴው እንዳይመስልህ" አለ አንዱ፤ "ያ ባለሱቅ ኑረዲን ነው። አፉ ክዳን የለውም።"

"ሚስቱ ግን እንዴት ትችለዋለች?" አለች ዶሮ ያቀፈች ሴት።

ደንግጬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ኑረዲን የዘይነባ ባል ነው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "እናቴ፣ እርስዎ የማን እንግዳ ነዎት?" ሲል ምን ልበል?

"የኑረዲን።"

ሚኒባሱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ "ኧረ ኑረዲንማ ወርቅ ሰው ነው!" "የዋህ እኮ ነው!" ዶሮ ያቀፈችው ሴት "ሚስቱም ታድላ!" አለች። ሾፌሩ አፍሮ መስመሩን ለቅቆ ሱቁ ደጃፍ ድረስ አደረሰኝ።

ዘይነባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ብርድ ልብሱን ስታይ ደግሞ ሳቀች። ምሳ የተቀቀለ ጎደሬ በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ጎደሬ የእኛን ድንች ይመስላል፤ ግን ለጉሮሮ ይለሰልሳል፣ ወሬም አያቋርጥም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት በሩ በሰንሰለት ተዘግቷል። የአሰልጣኙ ቤት ነው። ጥላኝ ሄደች ያለቻት ጎረቤት አያንቱ፣ የቶሎሳ ሚስት ናት፤ ባልዋ ሲቀየም ተከትላው ያዮ፣ የአባቱ ቡና እርሻ ውስጥ ገባች።

ኑረዲን ማታ ራት ላይ ሁሉን ነገረኝ። ስኳርና ጀሪካን የሚሸጥ፣ ሹክ ሲልም መንደሩ የሚሰማው ሰው ነው።

"እትዬ አልማዝ፣ ቶሎሳን 'ይውረድ!' ማለት ከጀመርኩ እኮ ስንት ዓመቴ። ሲያሸንፍም እለዋለሁ። በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣንም እለዋለሁ። እሱ 'አንተ ሰው፣ ዝም በል' ይለኛል። ጨዋታችን ነው በቃ። የዚያን ቀን ግን ሜዳው ሁሉ ተቀብሎኝ 'ይውረድ!' አለ። ማን ተከተሉኝ አላቸው?"

"እና ምን አለህ?"

"ምንም። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና ሄደ።"

ዘይነባ "ቡድኑ ከፈለገ ገደል ይግባ" አለች። "እኔ አያንቱን ነው የምፈልገው። ጨው ሲያልቅብኝ በአጥር የምጠራው ሰው የለኝም።"

"ባልሽ ጨው ይሸጥ የለም እንዴ?"

"የሱ ጨው ወሬ የለውም።"

ዓርብ

ጠዋት ሐጂ ሱልጣንና ጋሼ ተሰማ መጡ። ሐጂ የቡና ነጋዴ፣ ጋሼ ተሰማ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ናቸው፤ በመቱ የተጣላን ሁሉ የሚያስታርቁት እነሱ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ወንድማማች በመሬት ሲካሰስ ይላካሉ። አሁን ኑረዲን ወደ ተቀየመው አሰልጣኝ ሊልካቸው ነው። እኛም አገር ሽማግሌ አለ፤ ግን አሰልጣኝን እንደ ኮበለለች ሚስት በሽማግሌ ሲያስመልሱ ያየሁት እዚህ ነው። በኦሮምኛ ጃርሱማ ይሉታል። ሐጂ እኔን ትኩር ብለው አዩኝና፣ "እሷም ትምጣ" አሉ። "ቶሎሳ እኛን ለምዶናል፣ ይናገረናል። ከደጋ ድረስ የመጣች እንግዳ ሴት ፊት ግን አፉን ይሰበስባል።"

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሐጂ ፒክ አፕ ወጣን። በዳይ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይቀርብምና ኑረዲን ያዮ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ቀረ። ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ያለው ጥርጊያ መንገድ ስላልቻለን የቀረነው በእግር ገባን፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ እየቀረ፣ ጋሼ ተሰማ እያወጡ እየሰጡኝ።

ቶሎሳ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቦቲ የተጫማ ሰው ነው። ከቡናው መሐል ብቅ ብሎ "አካም ጅርቱ! ግቡ እንጂ!" አለ፣ ደስ ብሎት።

"አንገባም" አሉ ሐጂ።

"እሺ እዚሁ ተቀመጡ።"

"አንቀመጥም።"

ፊቱ ተለወጠ፤ ገባው። ለካ የሽማግሌ ደንብ ነው፤ ጉዳያቸው እሺ እስኪባል አይቀመጡም፣ እህልም አይቀምሱም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም፤ ቢነግሩኝ ምሳዬን ጠግቤ እበላ ነበር።

"ማን ላካችሁ?"

"ያጠፋው።"

"የታል?"

"መኪና ውስጥ።"

"እዚያው ይክረም" ብሎ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እኛ ቆምን። ዝናቡም የእኛን መቆም ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ጀመረ። ከውስጥ አያንቱ ቡና ቀላ ታዘጋጃለች፤ የቡናን ፍሬ እንዳለ በቅቤ የሚያበስሉት ነው። የቅቤው ሽታ በሩን አልፎ ሆዴ ድረስ ገባ። ከዚያ የአያንቱን ድምፅ ሰማሁ፤ "ቶሌ፣ እንግዳይቱን ብርድ ሊገድላት ነው!"

ብርድማ አልነበረም። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ከያዮ ዝናብ ይበርዳል። ግን ዘይነባ ትዝ አለችኝና ትከሻዬን ማንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ጋሼ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ትንሽ ጨምሪበት" አሉኝ። ጥርሴንም አንቀጫቀጭኩ።

በሩ ተከፈተ።

"እሁድ ጎሬ እመጣለሁ" አለ ቶሎሳ። "ኑረዲን እዚያ አጠገቤ ይቀመጣል። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ አንዲት ቃል ከአፉ ከወጣች ግን ተነሥቼ ወደዚሁ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ጃርሱማም ቢመጣ አልሰማም፤ ሰላምታውንም አልፈልግም። ሳይጮኽ አጠገቤ መቀመጥ ከቻለ፣ ያኔ ጎረቤቴ ነው።"

ሐጂ ተቀበሉ፤ ገባን፤ ተቀመጥን። ጋሼ ተሰማና እኔ ዓርብ ስለሆነ ቅቤውን እያሸተትን በማርና በቂጣ ተጽናናን። ማሩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጫካ ጫካ ይላል። አያንቱ ለዘይነባ ብላ አንድ ብልቃጥ ሞልታ ሰጠችኝና፣ ባልዋ እንዳይሰማ፣ "የኔ ጽጌረዳ ውኃ ታገኛለች ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። የተዘጋው ቤት ደጃፍ ላይ ያለችውን ማለትዋ ነው። ዘይነባ ታጠጣታለች አልኳት።

ኑረዲን ቅድመ ሁኔታውን ሲሰማ መሪውን ተደገፈ።

"አንዲት ቃልም?"

"አንዲትም" አሉ ሐጂ።

"ጎል ሲገባስ?"

"ጎል ሲገባም።"

"ከሜዳ ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር" አለ። እስከ መቱ ድረስ ዝምታን ለመለማመድ ሞክሮ አልቻለም።

ቅዳሜ

ቶሎሳ ጠዋት መጥቶ ልምምድ ጀመረ። ቤቱን ግን አልከፈተም፤ ተጫዋቾቹ ዘንድ አረፈ። ዘይነባ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ዋለች።

እኩለ ቀን ላይ የቡድኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ከኡካ ከተማ ገና እንደ ገባ፣ ፊቱ እያበራ ወደ ኑረዲን በረንዳ መጣ። ከኋላው አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ወጣት፣ ላፕቶፕ አንግቶ።

"ደስ ይበላችሁ!" አለ ሰብሳቢው። "ከኡካ አዲስ አሰልጣኝ አምጥተናል፤ ብሩክ ይባላል። እምቢ ብሎ ነበር፤ ትናንት ሽማግሌ ልከን እሺ አሰኘነው።"

በረንዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ሐጂን አየ። ሐጂ ሻያቸውን አስቀመጡ። ኑረዲን ቶሎሳ እሺ አይለኝም ብሎ ፈርቶ ለኮሚቴው አልነገረም፤ ኮሚቴው ደጋፊው ይረብሻል ብሎ ለኑረዲን አልነገረም። ሁለቱም ዓርብ ዕለት፣ አንዱ ወደ ያዮ፣ አንዱ ወደ ኡካ ሽማግሌ ላኩ። ሁለቱም ሽማግሎች አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሁለቱም አሰልጣኞች እሺ አሉ። አሰልጣኝ ያልነበረው ቡድን በአንድ ቀን ሁለት አገኘ።

"አንዱን ይቅርታ ጠይቆ መመለስ ነው" አልኩ እኔ፣ አገሬ መስሎኝ።

"በሽማግሌ የመጣ ሰው አይመለስም" አሉ ጋሼ ተሰማ፤ ባለማወቄ እያዘኑልኝ።

ክርክሩ ተነሣ። አንዱ ቶሎሳ ቡድኑን ያውቃል አለ፣ ሌላው ብሩክ ተምሯል አለ፣ ሦስተኛው የእንግሊዝ ክለቦችን እያነሣ እነሱም ቢሆኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩ ነው የሚቸገሩት አለ። ዓሥር ጊዜ አሰልጣኝ ያስባረረው ሰው ሁሉ "አሰልጣኝ ጊዜ ይሰጠው" ይላል! በመጨረሻ ሐጂ እጃቸውን አነሡ። "ሁለቱም ይቀመጣሉ። ከእረፍት በፊት ቶሎሳ፣ ከእረፍት በኋላ ብሩክ።" ብሩክ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ቶሎሳ ሲነገረው "ኑረዲን መሐላችን ይቀመጥ እንጂ ለእኔ ግድ የለኝም" አለ።

እሁድ

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት። ሚኒባሳችን እየቃሰተ ወጣ። የድሮ ባለሥልጣን ከተማ መሆንዋ ያስታውቃል፤ ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ግን እንደ ጡረተኛ ሹም ኮታቸውን አላወለቁም። ሜዳው አጠገብ ያሉ አንዲት እናት የመቱ ደጋፊ መሆናችንን አይተው ግቢያቸው አስገቡን፤ ሽሮ በትልቅ ትሪ አቀረቡና፣ "ከተሸነፋችሁ በኋላ እህል አይወርድላችሁምና አሁን ብሉ" አሉን። ለጠላት ደጋፊ ምሳ ማብላት ደብረ ብርሃን ላይ አልተጀመረም።

እኔ ሽማግሌ ስለነበርኩ ከተጠባባቂ ወንበሩ ጀርባ ቦታ ተሰጠኝ። ከፊቴ ቶሎሳ፣ መሐል ኑረዲን፣ ከዚያ ብሩክ። ኑረዲን መሐረቡን አጣጥፎ ጥርሱ መሐል ይዟል።

ከእረፍት በፊት ዝናቦ አገባ። አገሩ ተቃጠለ! ሐጂ ሱልጣን ጋሼ ተሰማን ተሸከሟቸው። ኑረዲን ብድግ አለ፣ ቀላ፣ እንባው መጣ፣ በሁለት እጁ አፉን ይዞ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ ተቀመጠ። ቶሎሳ በጎን አየት አደረገው። ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከእረፍት በኋላ ጉም መጣ። የደብረ ብርሃንን ጉም የሚስተካከለው የለም ብዬ ስመካ ነበር፤ የጎሬ ጉም ግን በረኛውን ከነጎሉ ይውጣል። ብሩክ የግራውን ተከላካይ "ወደ ፊት ሂድ!" አለው። ቶሎሳ አላስቻለውም፤ "ተመለስ!" ብሎ ጮኸ። "የኔ ሰዓት ነው እኮ ጋሼ" አለ ብሩክ። "ሰዓቱ ያንተ ነው፣ ልጁ ግን የኔ ነው" አለ ቶሎሳ። ሁለቱ በኑረዲን አናት ላይ ይከራከራሉ፤ ተከላካዩ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል።

ያን ጊዜ ነው ኑረዲን የተነሣው። ጣቱን ወደ ጉሙ ዘረጋ። እኔም ጣቱን ተከትዬ አየሁ፤ በግራ በኩል፣ ተከላካዩ ጥሎት በመጣው ባዶ ቦታ፣ አንድ የጎሬ ልጅ ብቻውን ቆሟል። ኳሱ ወደሱ እየሄደ ነው። ሰዓቱ አልቋል። ሁለቱ አሰልጣኞች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፣ አላዩም። የኑረዲን ድምፅ ደግሞ እንኳን ሜዳው ማዶ መቱ ይደርሳል። "ግራ!" ቢል በቃ፤ ዝናቦ ያልፋል። ኑረዲን ጣቱን እንደዘረጋ ቶሎሳን አየ። የአንገቱ ሥር ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ መሐረቡን አፉ ውስጥ ጨመረ።

ጎሬ አገባ። አቻ። ወዲያው ፊሽካ።

የመቱ ደጋፊ እንደ አንድ ሰው ተነሣ፤ "ይውረዱ! ይውረዱ!" ለሁለት አሰልጣኝ ስለሆነ በብዙ ቁጥር ነው። ብሩክ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቀፈ። ቶሎሳ አልተንቀሳቀሰም። ኑረዲንን ያየው ነበር።

"አይተኸው ነበር?" አለው።

ኑረዲን መሐረቡን አወጣ። "አይቼው ነበር።"

"ለምን አልጮኽክም?"

"ዝም በል ብለኸኝ።"

የቶሎሳ ዓይን ሞላ። "ስንት ዓመት ሙሉ ዝም በል ስልህ አንድ ቀን ሰምተኸኝ አታውቅም!" ብሎ ጮኸበት። "መስማት የጀመርከው ዛሬ ነው? ዛሬ?" ከዚያ ሳቀ፤ እየሳቀ ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው፣ አልለቀቀውም። እኔም ያለቀስኩት ለኳስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

በሚኒባሱ ስንመለስ ቶሎሳ ኑረዲንን አጠገቡ አስቀመጠው። ሁሉም ኩርፍ ብሏል፤ አልፈን ቢሆን ማንን እንገጥም እንደነበር የሚያሰሉ አንዳንዶች ብቻ ያጉረመርማሉ። ቶሎሳ ስልኩን አውጥቶ ያዮ ደወለ።

"አያንቱ? አዎ። አይ፣ አላለፍንም።" ኑረዲንን በጎን አየው። "ዕቃሽን ጠቅልዪ። ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።"

"ዘይነባ ጎደሬ እየቀቀለች ትጠብቅሻለች በላት!" አለ ኑረዲን፣ ሚኒባሱ እስኪደነግጥ።

"አንተ ሰው፣ ዝም በል!" አለው ቶሎሳ።

ኑረዲን እስከ መቱ ድረስ ዝም አላለም።